እስከ ክርን የሚደርስ በር

የባጃጅ ግማሽ በር ማለት ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍት በተተወው ጎኑ ላይ የሚገጠም፣ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ተሳፋሪው ክርን ብቻ የሚደርስና ከዚያ በላይ ያለውን ክፍተት ለዐይን፣ ለእጅና ለሰላምታ የሚተው መዝጊያ ነው። ከላሜራ ወይም ከሸራ ይሠራል፤ ሠሪው በያጅ ወይም ልብስ ሰፊ፣ አሠሪው ባለንብረቱ፣ ምክንያቱ ደግሞ ነፋስ ነው። ስለ ቤተ መንግሥት በር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን በርና ስለ ከተማ በር ብዙ ተጽፏል፤ ይህ በር ግን ምናልባት ሙሉ ስላልሆነ ይሆናል፣ የሊቃውንት ዐይን ሳያርፍበት ቆይቷል። ሆኖም አንድ ማኅበረሰብ ምን ያህል ነፋስ፣ ምን ያህል ጫጫታና ምን ያህል ጎረቤት በአንድ ጊዜ መሸከም እንደሚችል ከዚህ በር የተሻለ የሚመሰክር ዕቃ በቀላሉ አይገኝም፤ በተለይም በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ዙሪያ፣ ነፋስ ሒሳብ ሳይከፍል በሚሳፈርበት አገር።

የነገሩ ሥር ያለው በመልክዐ ምድሩ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ሲከፍል መለኪያው የሚዘራው እህልና የሚለብሰው ልብስ ነው፤ ገብስ ዘርቶ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራም ካባ፣ ማለትም በርኖስን፣ የደረበ ሰው የት አገር እንደሚኖር አይጠየቅም። ሳይንሱ ይህንኑ በራሱ ቋንቋ ሲናገር፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል ይላል። በዚህ ስሌት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ድሬዳዋና 2,600 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው መካነ ሰላም መካከል የዘጠኝ ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ክፍት ባጃጅ ድሬዳዋ ላይ ለተሳፋሪው የሚያመጣለት ነፋስ ከታሪፉ በላይ የተጨመረ ምርቃት ሲሆን፣ መካነ ሰላም ላይ ያው ነፋስ በጥቅምት ማለዳ ሲመጣ ምርቃትነቱ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል። ከደሴ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ጉጉፍቱ ላይ የአውቶቡሱ በር ሲከፈት የሚገባውን ብርድ ያስታውሰዋል፤ አምባ ፈሪትን የመሰሉ ተራሮች ከጀርባው የቆሙለት አገር ነፋስ ከየት ይመጣል ተብሎ አይጨነቅም። በ1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ወደ አድዋ ለመዝመት በዚሁ ደጋ ባለችው ወረኢሉ ላይ እንዲከት የታዘዘው በዚሁ በጥቅምት ነበር፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የአበው ምክር ለዚያ ሠራዊት ምን ያህል እንደተፈጸመለት ባይታወቅም፣ ነፋሱ ግን ሳይቀር እንደተገኘ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ለዚህ አገር የደረሰው ተሽከርካሪ በማን ተሠራ ቢባል መልሱ ያስገርማል። የባጃጅ ቅድመ አያት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1948 የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ያወጣው አፔ የተባለ ባለሦስት እግር ሲሆን፣ ንድፉ ቬስፓ ሞተር ሳይክልን ከሠራው ከኮራዲኖ ዳስካኒዮ እጅ የወጣ ነው። ዳስካኒዮ በሙያው የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የሠራው ሄሊኮፕተር በከፍታ፣ በርቀትና በቆይታ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። እንግዲህ በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ነፋስ ምን እንደሚያደርግ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው ጎኑ ክፍት የሆነውን ተሽከርካሪ ለዓለም ያበረከተው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ባለሁለትና ባለሦስት እግር ለመሥራት ፈቃድ አግኝቶ ከፒያጆ በተገኘ ንድፍ ሥራውን ሲጀምር ክፍቱን ጎን እንዳለ ተቀበለው፤ ሕንድ ሞቃት አገር ነውና ማንም አልተከራከረም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ወዲህ ተሽከርካሪው ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች ሲገባ ግን ከድሬዳዋ እስከ ውርጭ ጥግ ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለተሰራጨ፣ ለሙቀት የተቈረጠው ልብስ ለብርድ አገር ተላከ። የኩባንያው ስም የተሽከርካሪው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ሌላ ፋብሪካ የሠራውም ጭምር «ባጃጅ» ሲባል፣ የክፍት ጎኑ ችግርም እንዲሁ የጋራ ሀብት ሆነ።

በዚህ ላይ አንድ የተዘነጋ ነጥብ አለ። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት ባጃጆች ብዙዎቹ ተበትነው በሣጥን ከገቡ በኋላ በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙ ናቸው። ተበትኖ የሚሸጥንና በኋላ የሚገጣጠምን ክፍት መኪና በሌላው ዓለም የሚያሽከረክሩት ለመዝናናት የሚወጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መኪኖች ስመ ጥሩው እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ሎተስ ሰቨን ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ተገጣጥሞ በሚሸጥ መኪና ላይ የግዢ ግብር ሲጥል ተበትኖ የሚሸጠውን ስለማይነካ፣ ገዢው ግብሩን ትቶ መፍቻውን ያነሣል። የመገጣጠሚያ መመሪያ ከመኪናው ጋር ማያያዝም በሕጉ ስለማይፈቀድ የመፍቻ መመሪያ ተያይዞ ይሸጥ ነበር፣ ገዢውም ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ ኋላ ያነብበው ነበር ተብሎ ይነገራል። ይህ ብልሃት ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። ሎተስ ሰቨን በር አልነበረውም፤ ገዢው ጥቂት እንደነዳ ክርኑ ይበርደዋል፣ ጆሮው ይጮኽበታል፤ ከዚያም ከሸራና ከብረት ዘንግ ግማሽ በር ለራሱ ይሠራል። በአንድ በኩል ግብር ሸሽቶ ክፍት መኪና የገዛው እንግሊዛዊ፣ በሌላ በኩል ምርጫ አጥቶ ክፍት ባጃጅ የገዛው የወሎ ቦረና ወይም የሳይንት ሰው፣ ሳይተዋወቁና ሳይማከሩ አንድ በር ላይ ደርሰዋል፤ ልዩነታቸው እንግሊዛዊው ብርዱን በገንዘቡ መግዛቱ ብቻ ነው።

የነፋሱን ድምፅ ለመቀነስ የሚነሣ ሰው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። ሳይሰናከል የሚፈስ ነፋስ ድምፁ ጥቂት ነው፤ የሚጮኸው ጠርዝ ሲያገኝ ነው። እረኛ ዋሽንቱን ሲነፋ ትንፋሹ በቀዳዳው አፍ ጠርዝ ላይ ተሰንጥቆ እንደሚያዜም ሁሉ፣ በባጃጁ ፊት የሚመጣው ነፋስም በፊት መስታወቱ ዳር ባለው ብረት ላይ ይሰነጠቃል፤ እረኛው ግን ዜማ ያውቃል። የተሰነጠቀው ነፋስ እየተጠቀለለ ወደ ኋላ የሚሄድ ሽክርክሪት ይሆናል፤ ሽክርክሪት ማለት በራሱ ዙሪያ እየዞረ የሚጓዝ የአየር ጥቅልል ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጥቅልሉን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ስለዚህ በጫፍ የተቀመጠው ተሳፋሪ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ከፊት የሚመጣውን ጠላት ሲጠብቅ፣ ነፋሱ በጎን ዞሮ ማጅራቱን ያገኘዋል። የጋቢው ጫፍ ራሱ ጆሮው ሥር እየተርገበገበ ጫጫታውን ያባብሳል፤ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ተሰልፏል ማለት ነው።

የፍጥነቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከጠርዝ የሚነሣው ድምፅ ግን በዚህ አይመለስም። ድምፅ የሚለካበት አሐድ ዴሲቤል ሲባል፣ አሥር ዴሲቤል ሲጨመር ጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል፤ በጠርዝ ላይ የሚፈጠረው የነፋስ ድምፅ ደግሞ ፍጥነቱ ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ 18 ዴሲቤል ያህል፣ ለጆሮ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ይጨምራል። በአንጻሩ 2,600 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ የመካነ ሰላም ነፋስ በሳይንስ ዐይን ሳሳ ያለ፣ በመጠኑም ለስለስ ያለ ነፋስ ነው። ይህንን እውነት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ለሚወርድ ተሳፋሪ ማስረዳት ግን ለትምህርትም ለወዳጅነትም አይመከርም። የሳሳው አየር ሞተሩንም ስለሚያደክመው ባጃጁ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ቁልቁለት ላይ ይበራል፤ ስለዚህ የአገሩ ተሳፋሪ ሽቅብ ሲሄድ ሞተሩን፣ ቁልቁል ሲሄድ ነፋሱን፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ሲሰማ ይኖራል፤ ሜዳው አጭር መሆኑ ብቻ አንድ ነገር ነው።

ዴሲቤል መለኪያ መሣሪያ በየባጃጁ ስለማይገኝ ሕዝቡ የራሱን መለኪያ ሠርቷል፤ እርሱም «ወራጅ» ነው። ተሳፋሪ መድረሻው ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጣራል፤ አሽከርካሪው ሰምቶ እስኪቆም ድረስ ጥሪው ስንት ጊዜ እንደተደገመ በመቍጠር የባጃጁን የነፋስ ጫጫታ በበቂ ትክክለኛነት ማወቅ ይቻላል። በአንድ ወራጅ የሚቆም ባጃጅ ጸጥተኛ ነው። በሁለት ወራጅ የሚቆም መካከለኛ ነው። በሦስተኛው ላይ ተሳፋሪው ከድምፅ ወደ እጅ ተሻግሮ የአሽከርካሪውን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፤ አራተኛው ላይ «ኧረ አንተ ልጅ፣ አውርደኝ!» የሚል የእናቶች ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ርቀት በእግር ወደ ኋላ የሚመለሱት ስለሆነ መለኪያው ከድምፅ ወደ ሜትር ይቀየራል። ግማሽ በር ሠርቶ ውጤቱን ለማወቅ የሚፈልግ ባለንብረት ይህን መለኪያ ከመጠቀም ሌላ ምርምር አያስፈልገውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በካርቶን ልክ ይወሰዳል፤ የባጃጁ ጎን ቀጥ ያለ ቢመስልም ወለሉ ጋ ይጎብጣል፣ ወደ ኋላ ጭቃ መከላከያው ጋ ይዞራል፣ ስለዚህ በዐይን ልክ የተቈረጠ ላሜራ ተመልሶ ወደ መቍረጫው መሄዱ አይቀርም። ቁመቱ የሚወሰነው በተቀመጠ ሰው ክርን ነው፤ ይህም ከመቀመጫው በላይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ያነሰ እንደሆነ ነፋሱ ወገብ ላይ ይገባል፣ ከዚህ የበለጠ እንደሆነ ተሳፋሪው ክርኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ሙሉውን መንገድ ወታደር ሆኖ ይቀመጣል። ከልኩ በኋላ ከ20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ ከሆነ ባለአራት ማዕዘን የብረት ዘንግ፣ ክፈፉ ይበየዳል፤ በላዩም አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይለብሳል። የዚህ ላሜራ አንድ ካሬ ሜትር ስምንት ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 60 በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ በር ከነክፈፉ አምስት ኪሎ ገደማ ይወጣል፤ ሁለቱ በር ሲደመር አንድ ከበድ ያለ የገበያ ዘንቢል ተጭኖ የማይወርድ ማለት ነው። ይህ የከበደው ላሜራውን በሸራ ይተካዋል፤ ሸራ ቀላል ነው፣ ነገር ግን በደንብ ካልተወጠረ በራሱ ይርገበገባል፣ ያን ጊዜም ባለባጃጁ የገዛው ጸጥታ ሳይሆን ከበሮ ይሆናል።

ማጠፊያው የሚገጠመው ከፊት በኩል ነው፤ ይህ ደንብ ቀላል የሚመስል ነገር ግን ዓለም ዘግይቶ የተማረው ነው። ማጠፊያው ከፊት ሲሆን መቀርቀሪያው በጉዞ ላይ ቢከፈት ነፋሱ በሩን መልሶ ይዘጋዋል፤ ከኋላ ሲሆን ግን ነፋሱ በሩን ይዞት ይሄዳል። በአዲስ አበባ ታክሲነቱ ይታወቅ የነበረው ፊያት 600፣ በሕዝብ አጠራር ሴይቼንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ በሩ ማጠፊያው ከኋላ ነበር፤ ወደ ፊት የዞረው በ1964 ነው። ጣሊያን ዘጠኝ ዓመት የፈጀባትን ነገር ዛሬ አንድ የገጠር ከተማ በያጅ ከሥራው በፊት በአንድ ስኒ ቡና ይወስነዋል።

የመቀርቀሪያው ቦታ ግን ይህን ያህል ስምምነት የለውም። ተሳፋሪው መቀርቀሪያው ከውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ሲደርስ ከፍቶ ይወርዳል። አሽከርካሪው ከውጭ እንዲሆን ይመርጣል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ የሕፃናትን ደኅንነት ያነሣል፣ ነገር ግን ከውጭ የተዘጋ በር ሒሳብ ሳይከፈል እንደማይከፈት ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። የሚበጀው ቁመቱ ክርን ድረስ ብቻ ስለሆነ ከውስጥ የተቀመጠ ሰው እጁን በላዩ አሳልፎ የውጭውን መቀርቀሪያ መክፈት መቻሉ ነው፤ በዚህ ረገድ ግማሽ በር ግማሽ መሆኑ አንድ ሙሉ ጠብ አስቀርቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሩ ራሱ ድምፅ ማውጣቱ ነው። ነፋስን ዝም ለማሰኘት የተሠራ ብረት የኮረኮንች መንገድ ሲያገኝ ይንቀጫቀጫል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማጠፊያው ይላላል፣ መቀርቀሪያው ይንገጫገጫል፣ ባለባጃጁም ነፋሱን በብረት እንደለወጠው ይገነዘባል። መፍትሔው ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ በጣት ስፋት ቈርጦ በሩ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ዳር ሁሉ መለጠፍና በሩ ሲዘጋ ላስቲኩን በመጠኑ ጨምቆ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከታች ደግሞ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ካልተተወ የክረምቱ ውኃ ቱቦላሬው ውስጥ ተኝቶ በሩን ከውስጥ በዝገት ይበላዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሠራ በያጅ ሥራውን ያውቃል፤ ያልሠራ በያጅ ደግሞ ደንበኛውን ያውቃል፣ ይመለሳልና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ብርዱ ይህን ያህል ከጸና ለምን ሙሉ በር አይሠራም? መልሱ በከፊል ከፊዚክስ፣ በከፊል ከወሎ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ከፊት አንድ እግር ብቻ ያለው ተሽከርካሪ ሚዛኑ ስስ ስለሆነ፣ ጎኑ እስከ ጣሪያው ሲዘጋ በደጋው ሜዳ ላይ በጎን የሚመጣው ነፋስ የሚገፋው ሰፊ ሸራ ያገኛል፤ በነፋስ የሚሄድ ጀልባ ከአባይ ማዶ ለመሻገር ይጠቅም ይሆናል፣ ገበያ ለመድረስ ግን አይመረጥም። ከዚህም በላይ ዙሪያው ተዘግቶ በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ሣጥን ነፋስ በአፉ ላይ ሲያልፍ ያጓራል፤ የጀርመኑ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ዘመን የመረመረው ይህ ክሥተት በዝግ መኪና ውስጥ አንድ መስኮት ብቻ ሲከፈት ጆሮን እንደሚደልቅ ብዙ ሰው ያውቃል። ዙሪያው በከፊል ክፍት የሆነው ባጃጅ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

የጠባዩ ክፍል ከፊዚክሱ ይልቃል። ኢትዮጵያዊ ተሳፋሪ በመስኮት ጉዳይ በሁለት ወገን የተከፈለ ነው፤ አንደኛው «ነፋስ ይመታናል» የሚል፣ ሁለተኛው «ታፈንን» የሚል ነው። የመጀመሪያው ወገን ከኋላው ብዙ ማስረጃ አለው፤ ነፋስ ብርድ ያመጣል፣ ብርድ ወገብ ይይዛል፣ ከሙቀት ወጥቶ ነፋስ ያገኘው ሰውም ምች ይመታዋል፤ ምች ማለት በሕዝብ ሕክምና ራስ ምታትና ትኵሳት ይዞ ከንፈር ላይ የሚወጣ ሕመም ሲሆን መድኃኒቱ ከጓሮ የሚቀጠፈው ዳማ ከሴ ነው። ሁለተኛው ወገን ማስረጃው አፍንጫው ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ በገበያ ቀን ሦስት ሰው፣ አንድ በግና አንድ ማዳበሪያ ገብስ ባንድነት በተጫኑበት ባጃጅ ውስጥ የአፍንጫ ማስረጃ ክብደቱ አይናቅም። ረጅም መንገድ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ይህ ክርክር ከደሴ ተነሥቶ ሳይፈታ አዲስ አበባ ይገባል። ግማሽ በር ግን ጕልበትን ለመጀመሪያው ወገን፣ አፍንጫን ለሁለተኛው ወገን አካፍሎ ሁለቱንም በአንድ መቀመጫ አስማምቷል፤ በጉ ሳይቀር አንገቱን በበሩ ላይ አሳርፎ ከተማውን እያየ ይሄዳል፣ ከጭነቱ ሁሉ የሰላማዊ ጕዞ ምስል የሚነበብበትም እርሱ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አልተነገረውምና።

ሰላምታም አለ። በዚያ አገር ሰው አይቶ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ስድብ ነው፤ ሰላምታውም «ደኅና ዋልህ» ተብሎ የሚያበቃ አይደለም፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ተጠይቆ ያዘነ ካለ «አብሽር» ይባላል። ሙሉ በር የተገጠመለት ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዘመዱን በመስታወት አሻግሮ አይቶ አለፈ ከተባለ በለቅሶ ቤት ሊነሣበት የሚችል ክስ ነው። ግማሽ በር እጅ ያስወጣል፤ ባርኔጣ ያስነሣል፤ ሳንቲም ያስቀብላል፤ የተረሳ ፌስታል ከኋላ ሮጦ የመጣ ሕፃን ያቀብልበታል። የመንገዱ ንግድና የመንገዱ ዝምድና በሙሉ ከክርን በላይ ባለው ክፍተት ስለሚካሄድ፣ ከክርን በታች ያለው ለብርድ መከላከያ ቢሰጥ ማንም የሚጎዳ አይመስልም ነበር።

ሆኖም የተጎዱ አሉ። ነፋሱ በጕልበት በኩል ሲቆም፣ ጥቅልሉም ሲዳከም፣ ባጃጁ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ጫጫታው ሲሠራ የኖረው ሥራ ምን እንደነበረ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ተጐጂ ባለዕዳ ነው። አበዳሪው ሲደውልለት «ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ነፋስ ነው፣ አይሰማኝም፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ብሎ የሚገላገል ሰው፣ ባለግማሽ በሩ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ አበዳሪው እስትንፋሱን ሳይቀር ይሰማዋል። ሁለተኛው ተጐጂ ታሪፍ ተጨመረ ሲባል ያልሰማ መስሎ የድሮውን ዘርግቶ የሚወርደው ተሳፋሪ ነው፤ አሁን ሰምቷል፣ መስማቱንም ጎረቤቱ አይቷል። ሦስተኛው ወሬ ነው፤ ነፋስ በነበረ ጊዜ ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ዝም ቢል እንደ ኩራት አይቆጠርበትም ነበር፣ ዛሬ ግን ዝም ያለ ሰው ቅያሜ እንዳለው ይጠረጠራል፣ የተናገረም ቢሆን «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል ይጠብቀዋል። የመሬት ክርክር፣ የሠርግ ድግስ፣ የጎረቤት ልጅ ጠባይ በአንድ ጕዞ ውስጥ ተነሥተው ከመካከል የተቀመጠው፣ ሙቀቱን ያገኘ ግን ሁለት ጆሮውን ያጣ ሰው፣ ፍርድ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በውይይት ታክሲ ዘመን ፊት ለፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ቢያንስ የሚናገረውን ሰው ዐይን ያይ ነበር፤ የባጃጅ ተሳፋሪ ግን ሦስቱም ወደ ፊት እያዩ ለአሽከርካሪው ማጅራት ይከራከራሉ።

አራተኛውና ዋናው ተጐጂ አሽከርካሪው ነው። «ወራጅ» ሲባል ሁለት መቶ ሜትር አልፎ ተሳፋሪ ወደሚጠብቅበት ማዕዘን ደርሶ የሚቆም አሽከርካሪ «አልሰማሁም፣ ነፋስ ነው» የሚል ጠበቃ ነበረው፤ ጠበቃው በራሱ ገንዘብ ባሠራው በር ተባርሯል። የሕግ ሰዎች እንደሚሉት ማስረጃ ሲጠፋ ክርክር ይዳከማል፤ እዚህ ግን ሰበብ ሲጠፋ ሌላ ሰበብ ይገዛል። ግማሽ በር ያሠራ ባለባጃጅ ከወር በኋላ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ከተሳፋሪው ጆሮ ጀርባ ሲያስገጥም መታየቱ የዘፈን ፍቅር ብቻ ተደርጎ ሊተረጐም አይገባም። ተሳፋሪውም ቢሆን ድምፁ ይቀነስ ብሎ ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም፤ ባለዕዳው ስልኩን አንሥቶ «ዘፈን ነው፣ አይሰማኝም» ለማለት ተመልሷል፣ ታሪፍ ያልሰማውም ሒሳቡን ዘርግቶ ይወርዳል፣ መካከል ያለውም ከዳኝነት ዐርፏል፣ «ወራጅ» ደግሞ ወደ ሦስት ወጥቷል። ከቀድሞው የሚለየው ጕልበት አለመብረዱና፣ ነፋስ በነጻ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ባለንብረቱ አሁን ከባትሪ እየከፈለ ማግኘቱ ነው።